ጦስኝ እና ዘመዶቹ፤ በዴንቨር የትኛውን እንትከል?

ዛሬ ስለ አንድ ትንሽ ቅጠል እናወራለን። ስሙ ጦስኝ ነው። መጀመሪያ ድምፁን እንለማመድ። «ጦ» ጠንካራ ነው፤ «ቶ» አይደለም። መጨረሻው ላይ ያለው «ኝ» ደግሞ በአፍንጫ ይወጣል። ጮክ ብላችሁ ሦስት ጊዜ በሉት፦ ጦስኝ፣ ጦስኝ፣ ጦስኝ።

ጦስኝ ማለት ምን እንደሆነ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው ብትጠይቁ «ታይም ነው» ይላችኋል። አልተሳሳተም፤ ግን መልሱ ሙሉ አይደለም። በዓለም ላይ ከ200 በላይ የታይም ዓይነቶች አሉ። ሱፐርማርኬት ውስጥ በትንሽ ጠርሙስ የምታገኙት አንዱ ነው። የኢትዮጵያ ጦስኝ ሌላ ነው። ወንድማማቾች አይደሉም፤ የአጎት ልጆች ናቸው። ይመሳሰላሉ፣ ግን አንዱ በሌላው ቦታ ቢቀመጥ እናቶቻችን ወዲያው ያውቁታል።

ከመቀጠላችን በፊት አንድ ነገር እንለይ። በቤታችን ብዙ መዓዛ ያላቸው ቅጠሎች አሉ፤ ስማቸውም ይምታታል። ቡና ላይ የሚደረገው ጤና አዳም ነው። ጥብስ ላይ የሚጨመረው መርፌ የመሰለ ቅጠል የጥብስ ቅጠል ነው። ክትፎ ቅቤ ውስጥ የሚገባው ኮሰረት ነው። ሎሚ ሎሚ የሚሸተው ረጅም ሣር ጠጅ ሣር ነው። ጦስኝ ከእነዚህ ሁሉ ያነሰ ነው። ቅጠሉ ከሩዝ ፍሬ ብዙም አይበልጥም፤ አበባው ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሮዝ ነው። ወደ ላይ አያድግም፤ መሬት ላይ እንደ ምንጣፍ ይነጠፋል።

ጦስኝ የት ይበቅላል?

ጦስኝ የደጋ ልጅ ነው። ደጋ ማለት ከፍ ያለና ቀዝቃዛ አገር ማለት ነው። በሰሜን ሸዋ በመንዝ ጓሳ፣ በስሜን ተራሮች፣ በባሌ ተራሮች ይበቅላል። እዚያ በእግራችሁ ስትሄዱ ጫማችሁ ይረግጠዋል፤ ሽታውም ከመሬት ይነሣል። ሰዎች ለቅመው ያደርቁታል፤ ሻይ ያፈሉታል፤ በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጅም አብረው ያስፈጩታል። ጉንፋን የያዘው ሰው ደግሞ «ጦስኝ ጠጣበት» ይባላል።

በኢትዮጵያ ጦስኝ የሚባሉት ሁለት ዓይነት ናቸው። በሳይንስ ስማቸው አንዱ ቲመስ ሽምፐሪ፣ ሌላው ቲመስ ሴሩላተስ ይባላል። «ሴሩላተስ» በላቲን እንደ ትንሽ መጋዝ ጥርስ ያለው ማለት ነው፤ የቅጠሉን ጠርዝ አይተው ነው እንዲህ ያሉት። «ሽምፐሪ» ግን የሰው ስም ነው። ጌኦርግ ቪልሄልም ሽምፐር የሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ ኢትዮጵያ መጣ። በትግራይ ተቀመጠ፤ ዕፅዋት እየሰበሰበና እያደረቀ ወደ አውሮፓ ይልክ ነበር። ወደ አርባ ዓመት ገደማ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1878 ዓድዋ ላይ ሞተ። ብዙ የኢትዮጵያ ዕፅዋት እስከ ዛሬ በእሱ ስም ይጠራሉ። ከእሱ በፊትም በኋላም ለመንዝ እረኛ ግን ያው ጦስኝ ነው።

ሽታው ከየት ይመጣል?

ወጥ ቤታችሁ ሂዱና ነጭ አዝሙድ ፈልጉ። ጥቂት ፍሬ በመዳፋችሁ እሹና አሽትቱ። ጦስኝ ጦስኝ አይልም? ምክንያቱ ቲሞል የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ በነጭ አዝሙድም በታይምም ውስጥ አለ። የሊስተሪን የአፍ መጉመጥመጫ ጠርሙስ ላይ ያለውን ጽሑፍ ብታነቡ እዚያም ቲሞል የሚል ታገኛላችሁ። ሌላው ንጥረ ነገር ካርቫክሮል ይባላል፤ ኦሬጋኖ ውስጥ ያለው ነው። የኛ ጦስኝ ሁለቱም አሉበት። የትኛው እንደሚበዛ እንደበቀለበት ቦታ ይለያያል። ስለዚህ የመንዝ ሰውና የባሌ ሰው «እውነተኛው ጦስኝ የኛ ነው» ብለው ቢከራከሩ ሁለቱም እውነት አላቸው።

የእናቴ ብልቃጥ

አሁን ወደ ዴንቨር እንመለስ። እናቴ ሰሜን ሸዋ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ዛሬ የምትኖረው አውሮራ ነው። ለብዙ ዓመታት ጦስኝ የምትልክላት አያቴ ነበረች። ከኢትዮጵያ የሚመጣ ሰው በተገኘ ቁጥር በትንሽ ፌስታል ጠቅልላ ትሰጥ ነበር። እማዬ በብልቃጥ አድርጋ፣ በማንኪያ ጫፍ እየለካች ዓመቱን ታደርሰዋለች። አያቴ ካረፈች በኋላ ግን ላኪ የለም። ብልቃጡ እየጎደለ ሄደ። እማዬ ሻይ ማፍላት አላቆመችም፤ የምትጨምረው ግን በየጊዜው እያነሰ መጣ። እኔም ይህን ሳይ «ለምን እዚሁ አንተክልም?» አልኳት።

እሷ መጀመሪያ ያሰበችው ችግኙን ከአገር ቤት ማስመጣት ነበር። ይህ ቀላል አይደለም። ወደ አሜሪካ ሥር ያለው ችግኝ ወይም ለመዝራት የሚሆን ዘር ለማስገባት የዕፅዋት ጤና የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። አፈር እንደ ሻንጣ ዕቃ ይዞ መግባት አይቻልም። ሕጉ ያለ ምክንያት አልወጣም፤ በአንድ እፍኝ አፈር ውስጥ የሰብል በሽታና ነፍሳት ሊመጡ ይችላሉ። የደረቀ የምግብ ቅመም ግን በአብዛኛው ይፈቀዳል፤ ሆኖም አውሮፕላን ማረፊያው ላይ «ይዣለሁ» ብሎ መናገር ግዴታ ነው። ዘመዶቻችሁ ሲመጡ ይህን ንገሯቸው።

ስለዚህ የቀረን መንገድ አንድ ነው፤ እዚህ ካሉት ዘመዶቹ መካከል የሚቀርበውን መምረጥ።

አራት ኩባያ

ዴንቨር ውስጥ የታይም ችግኝ ማግኘት ከባድ አይደለም። ዴንቨር ቦታኒክ ጋርደንስ በዮርክ መንገድ ላይ በየዓመቱ በሜይ ወር ትልቅ የችግኝ ሽያጭ ያደርጋል፤ ሌሎች የአትክልት መደብሮችም አሉ። እኔ አራት ዓይነት ገዛሁ። ከእያንዳንዱ ጥቂት ቀጥፌ፣ አራት ኩባያ ሻይ አፍልቼ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳልናገር እማዬ ፊት ደረደርኩ።

የመጀመሪያው ሎሚ ታይም ነበር። ቅጠሉ አረንጓዴ ነው፤ አንዳንዱ ጠርዙ ቢጫ ነው። እማዬ አሸተተችና «ይኼ ጠጅ ሣር ነው» አለች። ልክ ናት፤ ሽታው ወደ ሎሚ ያደላል። ለዓሣና ለዶሮ ግሩም ነው፤ ጦስኝን ግን አይተካም።

ሁለተኛው ካራዌይ ታይም ነበር። የመጣው ከኮርሲካና ከሰርዲኒያ ደሴቶች ነው። መሬት ላይ ይሳባል፤ ሽታው ካራዌይ የሚባለውን ቅመም ይመስላል። እማዬ አንድ ጊዜ ፉት አለችና ኩባያውን ገፋ አደረገችው። «ይኼስ ለወጥ እንጂ ለሻይ አይሆንም።»

ሦስተኛው ጀርመን ታይም ነበር፤ የክረምት ታይም የሚሉትም አሉ። ብርድ ይችላል። «ደህና ነው፤ ግን ዝም ያለ ነው» አለች። ዝም ያለ ማለት ሽታው ያልጎላ ማለቷ ነው።

አራተኛው እንግሊዝ ታይም ነበር። እማዬ አሸተተች፤ ጠጣች፤ ከዚያም ምንም አልተናገረችም። ኩባያው እስኪያልቅ ጠበቅሁ። በመጨረሻ «ይኼ ጦስኝ አይደለም» አለች። ትንሽ ቆይታ ጨመረችበት፤ «ዘመዱ ግን ነው። ይተከል።»

እኔ ይህን ፍርድ ወደድኩት። «ልክ እንደ አገር ቤቱ ነው» ብላ አላታለለችኝም። «አይረባም» ብላም አልጣለችውም። ዘመድን በዘመድነቱ ተቀበለችው። ብልቃጡ ውስጥ የቀረውን የአያቴን ጦስኝ ለበዓል አስቀመጠችው፤ ለአዘቦት ቀን ደግሞ ጓሮ የሚበቅለው አለ። «አዘቦት» ማለት በዓል ያልሆነ ተራ ቀን ማለት ነው።

በመደብር ሌሎችም ታገኛላችሁ። ፈረንሳይ ታይም ቅጠሉ ቀጭንና ግራጫ ነው፤ ለምግብ ይወደዳል፤ ብርድ ግን እንደ እንግሊዙ አይችልም። በድንጋይ መካከል የሚነጠፉ ተሳቢ ታይሞችም አሉ። ከእነሱ አንዱ ቅጠሉ ፀጉራም ስለሆነ ሱፋማ ታይም ይሉታል። እሱ ለዓይንና ለእግር ነው እንጂ ለሻይ አይደለም። ስትገዙ ስሙን ብቻ አታንብቡ፤ አንድ ቅጠል በጣታችሁ አሽታችሁ አሽትቱ። አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ችግኞች እንኳ ሽታቸው ሊለያይ ይችላል።

በረንዳ እና ጓሮ

እኔ የምኖረው ዳውንታውን ዴንቨር አፓርታማ ውስጥ ነው። ያለኝ በረንዳ ብቻ ነው። ከኔ ቤት ወደ እማዬ ቤት በኮልፋክስ መንገድ በ15 ቁጥር አውቶቡስ እሄዳለሁ። ስለዚህ ታይም በሁለት ቦታ እናሳድጋለን፤ እኔ በዕቃ፣ እሷ በመሬት። ሁለቱም ይሆናል፤ አያያዙ ግን ይለያያል።

መጀመሪያ ስለ ቦታው። በኮሎራዶ ምክር ቤት ሕንፃ ደረጃ ላይ «ከባሕር ወለል በላይ አንድ ማይል» የሚል ጽሑፍ ተቀርጿል። አንድ ማይል 1,609 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ጦስኝ የሚወደው ተራራ ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል። ፀሐዩ ጠንካራ ነው፤ አየሩ ደረቅ ነው። ዴንቨር በዓመት የሚያገኘው ዝናብና በረዶ ተደምሮ ወደ 370 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ አዲስ አበባ ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ያገኛል። ይህ ለጎመን ችግር ነው፤ ለታይም ግን ችግር አይደለም። ታይም ፀሐይ ይወዳል፤ ብዙ ውኃ ይጠላል።

በጓሮ ስትተክሉ ዋናው ጠላት አፈሩ ነው። የአውሮራ አፈር በአብዛኛው ሸክላማ ነው። የአገር ቤቱን መረሬ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ሲረጥብ እግር ይይዛል፣ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ውኃ በውስጡ ይቆማል፤ የታይም ሥርም ይበሰብሳል። መፍትሔው አፈሩን ከፍ ማድረግ ነው። ትንሽ ብስባሽና ጠጠር ቀላቅላችሁ እንደ ጉብታ ሥሩ፤ ከላዩ ትከሉ። በየችግኙ መካከል ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ተዉ። በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ምረጡ።

በበረንዳ ከሆነ ከታች ቀዳዳ ያለው ዕቃ ያስፈልጋል። የጓሮ አፈር አትጨምሩበት፤ ለዕቃ ተብሎ የሚሸጠውን ቀላል አፈር ግዙ። ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ አስገቡ፤ እስከ መጀመሪያው አንጓ ድረስ ደረቅ ከሆነ አጠጡ፤ እርጥብ ከሆነ ተዉት። ቅጠሉ ከታች ወደ ላይ እየጠቆረ ከሄደ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የውኃ መብዛት ነው።

ውርጭ፣ በረዶ፣ ክረምት

እዚህ ላይ ሦስት ቃላት እንማር። ውርጭ ሌሊት መሬቱንና ቅጠሉን የሚያቃጥለው ብርድ ነው። በረዶ በአገር ቤት ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደው ነው። ዴንቨር ያሉ አማርኛ ተናጋሪዎች ግን ነጩን፣ ለስላሳውንም በረዶ ይሉታል። ስለዚህ «በረዶ ጣለ» ሲሏችሁ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። ለታይም ልዩነቱ ትልቅ ነው። ለስላሳው በረዶ እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍነዋል፤ ጠጠሩ ግን ይቀጠቅጠዋል። እ.ኤ.አ. ሜይ 8 ቀን 2017 ዴንቨር ላይ የወረደው የጠጠር በረዶ መኪናና ጣሪያ ሰባብሮ ከሁለት ቢሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ አድርሷል። በግንቦትና በሰኔ ሰማዩ ሲጠቁር ዕቃውን ወደ ግድግዳ አስጠጉ፤ ጓሮ ያለውን በባልዲ ክደኑ።

ሦስተኛው ቃል ክረምት ነው። በኢትዮጵያ ክረምት የዝናብ ወቅት ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም መግቢያ። እዚህ ግን ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለውን ቀዝቃዛ ጊዜ ክረምት እንለዋለን። አያቴ በስልክ «ክረምቱ እንዴት ነው?» ስትለኝ እሷ ጭቃ ታስብ ነበር፣ እኔ በረዶ።

እዚህ ያሉት የታይም ዓይነቶች የዴንቨርን ብርድ በአብዛኛው ይችላሉ። ሆኖም እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 22 ቀን 2022 ዴንቨር ከዜሮ በታች 24 ዲግሪ ፋራናይት ደርሳ ነበር፤ በሴንቲ ግሬድ ከዜሮ በታች 31 ገደማ ነው። የመንዝ ተራራ ላይ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ይህን ያህል ብርድ ግን የለም። በዕቃ ያለ ተክል በመሬት ካለው ይልቅ ይጎዳል፤ ብርዱ በየጎኑ ይገባበታላ! ዕቃዎቹን አንድ ላይ ሰብስባችሁ ከግድግዳው አስጠጉ። በክረምትም ዝናብና በረዶ ከጠፋ በወር አንድ ጊዜ አጠጡ፤ አየሩ ከ40 ዲግሪ ፋራናይት በላይ በሆነ ቀን፣ በቀትር። ተክል በብርድ ብቻ ሳይሆን በጥማትም ይሞታል።

በጸደይ ለመትከል አትቸኩሉ። ዴንቨር ውስጥ ብዙ ሰው የእናቶች ቀን እስኪያልፍ ይጠብቃል፤ ከዚያ በፊት ውርጭ ሊመለስ ይችላል።

ቅጠፉ እንጂ አትንቀሉ

ሁለት ግሦች አሉ፤ ቀጠፈ እና ነቀለ። ቀጠፈ ማለት ቅጠሉን ወስዶ ሥሩን ተወ ማለት ነው። ነቀለ ማለት ከነሥሩ አወጣ ማለት ነው። በኢትዮጵያ ተራሮች ጦስኝ ለገበያ ሲለቀም ብዙ ጊዜ ከነሥሩ ይነቀላል። ፈጥኖ ይሰበሰባልና። ግን የተነቀለው ተመልሶ አይበቅልም፤ በየዓመቱ ለቃሚው ርቆ መሄድ አለበት። ከአገር ቤት ሰው ሲልክላችሁ ፌስታሉ ውስጥ ሥር ካያችሁ «በሚቀጥለው ጊዜ የተቀጠፈ ይሁን» ብላችሁ መላክ ትችላላችሁ። ገዢ ሲጠይቅ ሻጭ ይሰማል።

በቤታችሁም እንዲሁ አድርጉ። አበባ ሊያወጣ ሲል ሽታው ጥሩ ነው። ጠዋት ጤዛው ሲደርቅ በመቀስ ቁረጡ፤ ከአንድ ሦስተኛ በላይ አትውሰዱ። ቅጠል የሌለውን፣ እንጨት የሆነውን ግንድ አትንኩ፤ ከዚያ አዲስ ቅጠል አያወጣም። ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ ተክሉ መሃሉ ራሰ በራ ይሆናል። አትዘኑ፤ አስቀድማችሁ ልጅ አሳድጉለት። አንዱን ረጅም ቅርንጫፍ ወደ መሬት ጎንበስ አድርጋችሁ በትንሽ ድንጋይ ያዙት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከተነካው ቦታ ሥር ያወጣል። ያኔ ከእናቱ ቆርጣችሁ ሌላ ቦታ ትከሉት፤ ወይም ለጎረቤት ስጡት። ሎሚ ታይምን የመሰሉትን በዚህ መንገድ ማራባት ይሻላል፤ ከዘር ቢበቅሉ እንደ እናታቸው ላይሆኑ ይችላሉ።

ሻዩ

የቀጠፋችሁትን በጥላ አድርቁ፤ ፀሐይ ሽታውን ይወስደዋል። በዴንቨር ደረቅ አየር ጥቂት ቀን ይበቃዋል። ሲደርቅ ግንዱን በሁለት ጣት ይዛችሁ ወደ ታች ሳቡት፤ ቅጠሉ ይረግፋል። በብልቃጥ አድርጋችሁ ክደኑ። ለአንድ ኩባያ የፈላ ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨምሩ፤ አምስት ደቂቃ ከድናችሁ አቆዩት። ክዳኑን አትርሱ፤ ሽታው ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳልና። ማር ጠብ ብታደርጉበት ያምርበታል። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን አብዝቶ ከመጠጣቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

የዚህ ሳምንት የቤት ሥራችሁ ጥያቄ መጠየቅ ነው። ለእናታችሁ «እማዬ፣ ጦስኝ ታውቂያለሽ?» በሉ። ለትልቅ ሰው ደግሞ «አባባ፣ ጦስኝ ያውቃሉ?» በሉ። ከዚያ «በእናንተ አገር ለምን ይውላል?» ብላችሁ ጨምሩ። መልሱ ከቤት ቤት ይለያያል፤ አንዱ ሻይ ይላል፣ አንዱ በርበሬ፣ አንዱ የጉንፋን መድኃኒት። የሰማችሁትን በአማርኛ በሁለት መስመር ጻፉት፤ ከብልቃጡም ላይ ለጥፉት።

እስከ ሳምንት ቸር እንሰንብት!